ይድረስ ለአባባ፦ ሲንጀሯን እንዳይሸጧት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትልቋ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገብቷል። የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው ግን ይሄም ብርድ ተብሎ አይወራም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እታለም እንደነገረችኝ አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ የስፌት መኪናዎን፣ ሲንጀሯን፣ ዋጋ ጠይቆ ሄዷል። እርስዎም «ዓይኔ መርፌ ካላየ ምን ትሠራልኛለች? ቦታ ነው የያዘችው» አሉ አሉ። በስልክ ልከራከርዎት አስቤ ነበር። ግን በስልክ እርስዎን ማን ረትቶ ያውቃል? «እሺ፣ እሺ፣ ሒሳብ እንዳይቆጥርብሽ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። እታለም ታነብልዎታለች። (እታለም፣ የማይጥማቸው ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘያት።)

አባባ፣ ስፌት ጀምሬያለሁ።

ይሳቁ፣ ግድ የለም። «መኪናዋን አትንኪ፣ ደብተርሽን ያዢ» እያሉ ያሳደጓት ልጅ ዛሬ ከሥራ መልስ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። ወንዶቹን ተለማማጆች ሲያስተምሩ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው። ለምን እንደከለከሉኝ አሁን ይገባኛል። ስፌት ወገብ ይሰብራል፣ ዓይን ይበላል፤ የእርስዎ ምኞት ደግሞ ቢሮ ስቀመጥ ማየት ነበር። ቢሮም ተቀመጥኩልዎት። ግን ቅር እያለኝ ነው ያደግኩት፤ ይቺን ከነገርኩዎት ይበቃኛል።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። ዕቃዋን ሸጣ ወደ ሌላ ግዛት ከምትሄድ ጎረቤቴ ነው የገዛኋት። ፊቷ ላይ የስፌቱ ዓይነት ሁሉ ተሥሏል፤ ልብ አለ፣ ቅጠል አለ፣ አበባ አለ፣ ዳክዬም አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የምጠቀመው ቀጥታውንና ዚግዛጉን ነው። ዳክዬዋን ትንሿ ልጄ መሐረብ ላይ አሰፍታኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብዬም አላየኋት። ይሄ ሁሉ ጌጥ መኪና ለመሸጥ እንጂ ልብስ ለመስፋት የመጣ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ ትምህርት አለ። አስተማሪዋን ይወዷት ነበር። ቁራጭ ጨርቅ ላይ መስመር ሲያሰምሩ መዋል አይሆንላትም፤ የሚለበስ ነገር ስፉ ነው የምትለው። የትራስ ልብስ ስንሰፋ ቀጥ ማለትንና ማዕዘን መዞርን ተማርን። የልጆች ቢጃማ ስንሰፋ ላስቲክ ማስገባትን ያዝን። ሽርጥ ላይ ኪስ፣ ሸሚዝ ላይ አንገትጌና የቁልፍ ቀዳዳ። አንዱ ልብስ ሲያልቅ አንድ ነገር በእጅ ገብቷል ማለት ነው። እርስዎም ልጆቹን በመጀመሪያው ሳምንት ሱሪ ሥር አስቀምጠው ጠርዙን ያስቀመቅሟቸው ነበር። ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ክሩን ነው ያስያዘችን። ላይ ቀይ ክር፣ ታች ቦቢኑ (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) ላይ ነጭ ክር ይደረግና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ነጩ ወደ ላይ ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል። ቀዩ ከሥር ብቅ ካለ ደግሞ ላልቷል። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መሐል ላይ ተቆላልፈው፣ ከላይ ቀይ ብቻ ከታች ነጭ ብቻ ሲታይ ልኩ እሱ ነው። እኔ እንዲህ በዓይኔ እያየሁ ነው የማስተካክለው። እርስዎ ግን በጆሮ ነበር የሚያውቁት። ጀርባዎን ሰጥተው ጨርቅ እየቆረጡ፣ ከኋላ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው «አላላኸው!» ብለው ሲጮኹ ትዝ ይለኛል። ልጁ ደንግጦ ይዘላል። ያንን ለአስተማሪዋ ብነግራት አላመነችኝም።

መርፌም በቁጥር ነው። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለስስ ጥጥ 70፣ ለሸሚዝ 80፣ ለጂንስ 100። ለሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ጫፉ ዶልዶም ያለ መርፌ አለ፤ የጨርቁን ክር ሳይበጥስ ገፋ አድርጎ ነው የሚያልፈው።

ስለ ሸሚዙ ትንሽ ላውራ፤ ደስ ስላለኝ ነው። የአንገትጌው ሾጣጣ ጫፍ ሁልጊዜ እያበጠ አስቸግሮኝ ነበር። ለካ ጫፉ ላይ በቀጥታ አይዞርም። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ጨርቁን የሚጫነው የመኪናዋ እግር ይነሳል፣ ጨርቁ በግማሽ ይዞራል፣ አንዲት ስፌት በሰያፍ ትረገጣለች፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው ጎን የሚታጠፈው። ትርፉ ጨርቅ ጫፉ አጠገብ ተከርክሞ ሲገለበጥ ሹል ብሎ ይወጣል። ያቺ አንዲት ስፌት ለጨርቁ መታጠፊያ ቦታ ትሰጠዋለች። እርስዎ የሰፏቸው አንገትጌዎች ሁሉ ሹል ነበሩ፤ እንዲህ አድርገው ይሆን?

ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። «ውድ ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በርካሽ ጨርቅ ሞክሩት» የሚለውን እዚህ እንደ ትልቅ ምሥጢር ነው የሚያስተምሩት። እኛ ቤት አቡጀዲ ለምን ነበር? ጥጥ ሳይቆረጥ ይታጠባል፣ ሲታጠብ ይሰበሰባልና፤ ይሄም እንደ አዲስ ነገር ተነገረን። እኔ እጄን አንስቼ «አባቴ ማታ በሳፋ ይዘፈዝፈው ነበር» አልኩ። የኩራቴን ነገር አይጠይቁኝ።

አሁን ወደያዝኩት ሥራ ልምጣ። ለትልቋ ልጄ ለፋሲካ የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው። ጨርቁን ከነጥለቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ገዛሁት፤ የሽሮ ሜዳ ሥራ ነው ብለውኛል። ሸማ ግን እንደ ሸሚዝ ጨርቅ ዝም ብሎ አይሰፋም አባባ። ሽመናው ልል ስለሆነ ጠርዙ ወዲያው ይተረተራል። ስፌቱ ሲጀመር ደግሞ መኪናዋ ጨርቁን ወደ ታች ትውጠዋለች። ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጌ፣ መርፌውን 70 አድርጌ ነው የተገላገልኩት። ወረቀቱ ከተሰፋ በኋላ ተቀዶ ይወጣል። ጎን ለጎኑን ደግሞ ሁለቴ ሰፋሁት፤ መጀመሪያ በጨርቁ የውጪ ፊት በኩል ተሰፍቶ ትርፉ ይከረከማል፣ ከዚያ ይገለበጥና ያንን ትርፍ ውስጡ ቀብሮ እንደገና ይሰፋል። ውስጡ እንደ ውጪው ንጹሕ ሆነ፣ አንድም ክር አይታይም። ድሮ ለኔና ለእታለም የሰፉልንን ቀሚስ ገልብጬ ሳየው ልክ እንዲሁ ነው። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

የቀረኝ አንገቱ ነው። ጥለቱ በቀጥታ የተሸመነ ነውና ክብ አንገት ላይ አይዞርም፤ ይጨማደዳል። ስለዚህ አንገቱን ሾጣጣ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ጥለቱ ደረቷ ላይ በማዕዘን ይታጠፋል። ጭንቁ እዚያ ነው። ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ጥበብ መሐል ላይ መግጠም አለበት፤ አንዱ መስቀል ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ቀሚሱ ተበላሸ። እኔ ከመሐል ጀምሬ ወደ ትከሻ መውጣት አለበት ባይ ነኝ፤ ትከሻ ላይ ቢዛባ ነጠላ ይሸፍነዋል። እርስዎ ግን ከትከሻ ይጀምሩ ነበር ልበል? ይንገሩኝ፤ እስከዚያ አልቆርጠውም።

ከጥለቱ በታች ትንሽ ጥልፍ ላደርግበት አስቤያለሁ። ቀላሉ በዚግዛግ ነው። ዚግዛጉ ተጠባብቆ ርቀቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ክሩ እየተደራረበ ድፍን መስመር ይሆናል። እኔ የምፈልገው ግን የጎረቤታችንን ዓይነት ነው፤ ከሱቅዎ አጠገብ በረንዳው ላይ ይጠልፍ የነበረውን። ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥሮ፣ የመኪናውን እግር አውልቆ፣ ጨርቁን ከመርፌው ሥር በእጁ ወዲያ ወዲህ እየነዳ ሐረግ ይሥልበት ነበር። አሁን ሞክሬዋለሁ። ጨርቅ የሚገፉት ጥርሶች ዝቅ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ መርፌ ከማውጣትና ከማውረድ በቀር ሥራ የላትም። የስፌቱ ርዝመት በእጅዎ ነው። እጅ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፣ እጅ ከዘገየ ክሩ ይከመራል። እግርና እጅ መነጋገር አለባቸው።

ሲንጀሯን እንዳይሸጧት የምለውም ለዚህ ነው። የኔ መኪና ፔዳሏን ነካ ሳደርጋት ትፈተለካለች። ቅጠሉ ጫፍ ላይ ስደርስ አንዲት ስፌት ብቻ እፈልጋለሁ፤ እሷ አራት አምስት ትሰጠኛለች። የእግር መኪና እንዲህ አታደርግም። በእግር ረገጥ፣ በእጅ መዘውሩን ያዝ፤ አንድ ስፌት ከተባለ አንድ ነው። ከሥሯ ጥርሶቹን የሚያወርድ ብሎን ባይኖራት እንኳ ጥርሱ በስስ ብረት ይሸፈናል። ለጥልፍ የኔዋ ልትተካት አትችልም።

«ያረጀች ናት» እንዳይሉኝ። ኤልያስ ሃው ዓይኑ ጫፉ ላይ የሆነ መርፌና ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና ይዞ የባለቤትነት መብት ያወጣው በ1846 በፈረንጅ ነው። ሲንጀሯ ስሟን ያገኘችበት አይዛክ ሲንገር በ1851 የራሱን መኪና አስመዘገበ፤ የሱ መርፌ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው የሚወርደው። የእርስዎም መኪና፣ የኔም ባለ ዳክዬዋ፣ እስከ ዛሬ ልብስ የምትሰፋው በዚያው መላ ነው። የኔዋ ላይ የተጨመረው ሞተር፣ መብራትና የስፌቱ ዓይነት ነው። የእርስዎዋ ምናልባት ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው የሲንገር ፋብሪካ የወጣች ትሆናለች። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል። መዘውሩ በኩል፣ ጠረጴዛው ላይ ካረፈው ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። እታለም በስልኳ አንስታ ትላክልኝ፤ በቁጥሩ የተሠራችበትን ዘመን አገኘዋለሁ።

የመርፌውን ነገር ደግሞ መላ አግኝቼለታለሁ። ዓይኑ በጎን በኩል የተሰነጠቀ መርፌ አለ። ክሩን በቀዳዳው ማሾለክ አያስፈልግም፤ በመርፌው ጎን ወደ ታች ጎተት ሲያደርጉት ራሱ ጥልቅ ይላል። 80ና 90 ገዝቼልዎታለሁ፤ ለገና ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። የሲንጀሯ መርፌ አንገቱ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ይገጥማል። ለጂንስና ለወፍራም ካፖርት ግን እንዳይሞክሩት፤ ስንጥቁ ስላለበት ይሰበራል። የዓይን ሞራውን ቀዶ ጥገና እስክንነጋገርበት ድረስ በዚህ ይቆዩ። እሱን በስልክም ቢሆን አልተውዎትም።

እስከዚያ ቀበቶዋን ያላሉላት፤ ተወጥሮ ከከረመ ይሰነጠቃል። ዘይቷ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፣ የወጥ ዘይት እንዳይነካት፤ ሲከርም እንደ ሙጫ ይደርቅባታል። ይሄን ለእርስዎ መንገሬ አይደለም፣ ለእታለም ነው።

ሌላ የምጠይቅዎት፣ ያለ ወረቀት በሜትርና በጠመኔ ብቻ እጅጌ እንዴት ነበር የሚያወጡት? እኔ ወረቀት ካልዘረጋሁ አልችልም። እታለም ሲቆርጡ እጅዎን ብቻ በቪዲዮ ትቅረጽና በቴሌግራም ትላክልኝ። ጨርቁ ላይ እያሰመሩ ያውሩልኝ። እግረ መንገዷን የአንገትዎንና የትከሻዎን ልክ ትውሰድ፤ ሸሚዝ ልሰፋልዎት ነው። ዋጋ አይከራከሩኝ።

ለሰውየው ደግሞ «ልጄ ቀድማ ጠይቃለች» ይበሉት። ስንት እንደሰጠዎት ይንገሩኝ፤ ከሱ ላይ ጨምሬ እኔ እገዛታለሁ። ገንዘቡ በእታለም በኩል ይደርስዎታል። መኪናዋ ግን እዚያው መስኮቱ ሥር ትቆይልኝ፤ ክረምት ስመጣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው እኔ እሰፋባታለሁ። ካጠፋሁ ይጮሁብኛል፤ ተራዬ ነው።

ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ