የመኪና ዋስትና የሚነፈገው በምክንያት ይሁን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ መኪና የሸጠልኝ ድርጅት፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያበቃ የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ በመጀመሩ መኪናውን ይዤ ብቀርብ፣ ውጭ ባለ ጋራዥ ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ ብረት) እና የኋላ ካሜራ በማስገጠሜ ዋስትናው በሙሉ እንደተሰረዘ በቃል ነግሮ መልሶኛል። የውሃ ፓምፕ ውሃውን በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚያመላልስ ክፍል ሲሆን፣ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ወይም ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ሲመጣ ያፈሳል፤ ጣሪያ ላይ የታሰረ ብረትም ሆነ ከኋላ መብራት ኤሌክትሪክ የሚወስድ ካሜራ እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም። የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ለሚወጣ ሰው ደግሞ ብልሽቱ ቀላል አይደለም፤ ውሃ ያለቀበት ሞተር ግሎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊጣመም ይችላል።

ድርጅቱ ምንም መብት የለውም አልልም። የጎማውን መጠን ቀይሬ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) ቢበላ፣ ወይም የካሜራው ሽቦ ሾርት አድርጎ ፊውዝ ቢያቃጥል ወጪውን ራሴ እሸፍን ነበር። ነገር ግን የተጨመረው ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱን ማስረዳት የሚገባው ዋስትናውን የከለከለው ወገን ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። (ፖርቶመጋላ የሚገጥመውን ጋራዥ የጠቆመኝ የድርጅቱ የሽያጭ ሠራተኛ ነበር።)

ስለዚህ ድርጅቱ እምቢታውን ከነቴክኒክ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ የከተማው ንግድ ቢሮም የትኛው ተጨማሪ ዕቃ የትኛውን ዋስትና እንደሚያስቀር ሻጮች ከሽያጭ በፊት ለገዢው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

የመኪናው ባለቤት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ