ስማችሁን ሳልጠራ አመሰግናችኋለሁ

የምስጋና ደብዳቤ ወግ አለው፤ እገሌና እገሊት እየተባለ በየማዕረጉ ይዘረዘራል። ለእኔ ያ አልተፈቀደልኝም፤ በእናንተ ዘንድ የሰው ስም ከበር አይወጣም። ደብረ ማርቆስ ላይ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጠጥ ለማቆም በዚያች የዕድር ቤት የምትቀመጡ ሁሉ ግን ለማን እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ወርቁ ለባለቤቱ አይጠፋውም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ጠጥቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጠዋት ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አልችልም ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የሲንጀሩን ክር ታስገባልኛለች፤ ቢበጠስ ብላ ደግሞ ሦስት አራት የእጅ መርፌ ክር አስገብታ ጨርቅ ላይ ሰክታልኝ ትሄዳለች። ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ "እጅህ ምን ሆኖ ነው?" ብላ አልጠየቀችኝም። ታውቅ ነበራ!

ተው ያለኝ ጠፍቶ አይደለም። የንስሐ አባቴ ገዝተውኛል፣ ሽማግሌ ተቀምጦልኛል፣ ሁለት ጊዜ ጸበል ገብቻለሁ። ጸበሉን አላማም፤ እዚያ እያለሁ አልጠጣሁም። የጠጣሁት ስመለስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔ በ14 ዓመቴ ስጀምር አዋጁ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ጣሳ በእንጨት ሰቅለው የሚሸጡበት ጓሮ ድረስ የዘለቀ አይመስለኝም።

አምና ለፋሲካ አንዲት እናት ቀሚስ እንድሰፋላቸው ጨርቅ አመጡ። ሸጬ ጠጣሁት። ቅዳም ሹር ዕለት መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ከማሽኑ ሥር ተደብቄ ሰማኋቸው። "ልጁን አሞት ይሆናል" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ በእልህ ድርግም አድርጌ አቆምኩ። ሊገድለኝ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየሁ፤ በሦስተኛው ቀን ወድቄ ተንፈራገጥኩ። ባለቤቴ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እንዲህ እንደሚሆን፣ ማቆም ያለበትም ሐኪም እያየው እንደሆነ ተረኛዋ ነርስ አስረዳቻት። የሚያረጋጋ መድኃኒትና ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን እየሰጡኝ ሰነበትኩ። ስወጣ ነርሷ የዕድር ቤቱን አቅጣጫ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። እህቴ፣ ወረቀቷ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለች።

ሁለት እሁድ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ተመለስኩ። የሚያውቀኝ ሰው ስገባ ቢያየኝስ? ሰክሬ ቦይ ውስጥ ስተኛ ያላየኝ የከተማው ሰው የለም፤ ያፈርኩት ግን ላቆም ስሄድ ነው። በሦስተኛው እሁድ በሩን ብገፋው እምቢ አለ። ተቆልፏል ብዬ ደስ ብሎኝ ዞር ስል ከውስጥ አንድ ሽማግሌ "ታቹን በእግርህ ገፋ አድርገው እንጂ፤ ይይዛል!" አሉኝ።

አባቴ፣ እርስዎን ነው። ሻይ ቀዱልኝ፤ ግማሽ ብርጭቆ። የሌሎቹ ሙሉ ነው። ስስት መስሎኝ ታዘብኩዎት። ብርጭቆውን ሳነሣ ነው የገባኝ። ግማሽ ስለነበረ አልፈሰሰም።

ስሜን ጠየቃችሁኝ፤ የአባቴን ልጨምር ስል "እሱ ይቅር" አላችሁ። መዋጮ የለ፣ ምዝገባ የለ፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። አዲስ አበባ ሳለ እንዲህ ካለ ስብሰባ የቆየው ወንድማችን ስብሰባው ከየት እንደመጣ አጫወተን፦ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱንም መጠጥ ያሸነፋቸው፣ ተቀምጠው በማውራት ጀመሩት። "ሐኪሙንም?" ብዬ ብጮህ ሳቃችሁብኝ። ቀልደኛችንማ "ጽዋ የሌለበት የጽዋ ማኅበር" ይለዋል። "የዛሬን ብቻ" ማለትንም ከእናንተ ተማርኩ። ከዚያ በፊት ለዘላለም አልጠጣም ብዬ ስምል ዘላለሜ ከማክሰኞ አያልፍም ነበር።

የበደሉትን መካስም አለበት። የእኒያን እናት ጨርቅ ዋጋ ከሰፋሁበት እያጠራቀምኩ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩ። ግድ የለም ልጄ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብሩን ተቀብለው ሁለቴ ቆጠሩት፤ ከዚያ "ቡና ጠጣ" አሉኝ።

ባለቤቴ፣ ለገና ጠላ ሳትጠነስስ ቀርታ አታውቅም። ዘንድሮ ብርዝ አደረገች። እንግዳው ሲያጉረመርም "ያለን ይሄ ነው" ብላ ዝም አሰኘችው። ለዚህ ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፤ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ።

ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ። ልጄ አሁንም ጠዋት ጠዋት መርፌዎቹን ክር አስገብታ ሰክታልኝ ነው የምትሄደው። "ተይው፣ እኔ አስገባለሁ" ብላት እሺ አላለችም። እኔም አላስገደድኳትም።