ከዛፉ ሥር ለቆማችሁ ሁሉ

ዛፉ ቆሟል። ግንባታውም ቀጥሏል። ልመናችን ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ነበር፤ ተሳካ። ያለፉትን ወራት ሁላችሁም ስለምታውቋቸው አንደግማቸውም። ምስጋናው ከማን ይጀምር የሚለው ላይ ግን አንድም ሰው አልተከራከረም፤ ከጋሼ ነው።

ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑን «ጋሼ» ብቻ ብለን እንለፍ። ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሌላው ፊርማ ሲያሰባስብ እሳቸው ሜትር ይዘው መጡ (ሜትሩ የሰው ነው፤ እንመለስበታለን)። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብለው የግንዱን ዙሪያ ለኩ፤ 4 ሜትር ከ71 ሳንቲሜትር ሆነ። ለ3.14 ሲካፈል የግንዱ ውፍረት 1.5 ሜትር ነው ማለት ነው። ለተራ ዛፍ የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል ዙሪያውን መከለል የተለመደ ነው። ለእንዲህ ያለ አንጋፋ ግን 15 እጥፍ ይያዛል፣ አለዚያም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ 5 ሜትር ወጣ ብሎ ይለካል፤ ከሁለቱ የሚሰፋው ይወሰዳል። በዚህ ዛፍ 15 እጥፉ በለጠ። ከግንዱ በየአቅጣጫው 22.5 ሜትር መሆኑ ነው።

በፕላኑ ላይ የነበረው አጥር ከግንዱ የሚርቀው 3 ሜትር ብቻ ነበር። ስፋቱ ሲሰላ 28 ካሬ ሜትር፤ የጋሼ ክብ ግን 1,590 ገደማ። የመጀመሪያው አጥር በክፋት የተሳለ አልነበረም፤ ግንዱን ከመኪና ግጭት ያድናል። ዛፉን ግን አያድነውም። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 1 ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ውሃና ምግብ የሚስበው ቀጭን ሥር ደግሞ በላይኛው 30 ሳንቲሜትር ይበዛል፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ገልባጭ መኪና በዚያ ላይ ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ዝናቡም ሳይሰርግ በላይ በላይ ይፈሳል። ከጉዳቱ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው፤ «አንድ ቀን ብቻ እንለፍበት» የሚለው ልመና እምቢ የተባለው ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ለመሐንዲሱም ለጥበቃውም ለልጆቹም በእኩል ትዕግሥት ያስረዱት እርስዎ ነዎት። ሰው ሲቆጣ እርስዎ ችካል ይተክሉ ነበር። እግርዎ እያመመዎት መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው፤ ይቅር ይበሉን።

«ሆዱ ባዶ ነው፣ ዛሬም ነገም ይወድቃል» የተባለ ጊዜም መልስ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ያረጀ ዛፍ መሐሉ ቢቦረቦር ሞተ ማለት አይደለም፤ ሕይወት ያለው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀለበት ነው፣ ቧንቧም ባዶ ሆኖ ይቆማል። ጥያቄው የቀረው ግድግዳ ውፍረት ነው። ባለሙያዎች በመነሻነት የሚይዙት ጤነኛው እንጨት ከግንዱ መሐል እስከ ዳር ካለው ርቀት 30 በመቶ እንዲሆን ነው፤ እዚህ ከ75 ሳንቲሜትር 23 ያህሉ። ልኬቱ ብቻውን አይፈርድም፤ የክፍተቱ ቦታና የአናቱ ክብደትም ይታያል። ስለዚህ ጋሼ ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየመቱ ካዳመጡ በኋላ የድምፅ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካልመጣ ብለው አጥብቀው ያዙ። መጣ፤ እሱንም እናመሰግናለን።

የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር፣ ያን ዕለት ሥር ስታይ ሞተርህን ባታጠፋ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። የቀረውን ጉድጓድ በአካፋ ማስጨረስህን፣ ከ2.5 ሳንቲሜትር የወፈረ ሥር አንድም አለመቆረጡን፣ የተጋለጠውም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በዚያው ቀን አፈር መመለሱን አንረሳም። የኤክስካቫተር ባልዲ የሚጎትተው ሥር እስከ ግንዱ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በስለታም መጋዝ የተቆረጠ ግን የመዳን ዕድል አለው።

የውሃ መስመሩን የነደፋችሁ መሐንዲሶች፣ ከግንዱ 4 ሜትር ላይ የታሰበውን ቦይ ትታችሁ ቧንቧውን ከሥሮቹ በታች በአግድም ቁፋሮ በማሳለፋችሁ፣ መግቢያና መውጫ ጉድጓዶቹንም ከክቡ ውጭ በማድረጋችሁ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ፊርማ ያሰባሰባችሁ፣ የፈረማችሁ፣ ቤታችሁን ለስብሰባ የሰጣችሁ፣ በሕግ ያማከራችሁ፣ በየተራ ያደራችሁ ወጣቶች፣ የተማሪዎች ክበባት፣ እናቶችና አባቶች ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን።

በፍቅር የተሠሩ ስሕተቶችም ነበሩ፤ እነሱንም እናመሰግናለን፣ አይደገሙ እንጂ። ግንዱ ዙሪያ አፈር የከመራችሁ፦ አፈሩ ሥሩን ከአየር ይለየዋል፣ ቅርፊቱንም ያበሰብሰዋል፤ በእጅ ተነሥቷል። ባዶውን ሆድ በሲሚንቶ እንሙላ ያላችሁ፦ ዛፍ በንፋስ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶ አይወዛወዝም፤ ዳሩን ይፍቀዋል፣ እርጥበትም ያቁራል። ቁስሉን ቀለም መቀባትም አያሽርም። የሲሚንቶ እጣቢ ደግሞ ወደ ክቡ ፈጽሞ አይደፋ፤ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ሥሩ ብረት መውሰድ ይቸግረዋል፣ ቅጠሉም ይቢጫል።

እንጨት ፈልጣችሁና ከትፋችሁ ያመጣችሁት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ተነጥፏል፣ ከግንዱም አንድ ስንዝር ያህል ርቋል፤ እንዳታስጠጉት። መኪና የግድ በሚያልፍበት አንድ ጥግ ብቻ 15 ሳንቲሜትር ፍቅፋቂ፣ በላዩም የብረት ሳህን ተደርጓል። 2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር የመጨረሻው ማሽን ሳይወጣ አይነሣም፣ «ለጥቂት ሰዓት» ተብሎም አይገፋም። ዕቃም አይከማችበትም።

ደስታችን ልክ ያለው መሆኑን ጋሼ ደጋግመው ነግረውናል። የሥር ጉዳት ቶሎ አይታይም፤ ከ3 እስከ 10 ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ቅጠሉ ካነሰ፣ ከአናት ቅርንጫፎች ጫፍ መድረቅ ከጀመረ፣ ግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ ወዲያው ንገሩን። በድርቅ ወራት ውሃው በዝግታ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ይፍሰስ። እና እባካችሁ፣ ለማመስገን እንኳ ብትመጡ ከአጥሩ ውጭ ቁሙ፤ የሰው እግርም ሲበዛ አፈር ይጠቀጥቃል።

ስማችሁን ያልጠራን ብዙ ናችሁ፤ ረስተን ሳይሆን ገጹ አልበቃ ብሎን ነው። እውነቱን ለመናገር የረሳነውም አለ፤ ይቅር በሉን። በተለይ የ50 ሜትሩን ሜትር አውሰኸን ስምህን ሳትነግረን የሄድክ ወንድማችን፦ ሜትርህ ጋሼ ቤት አለ፣ ጭቃው ታጥቧል፣ መጥተህ ውሰድ።