አራት ቤተሰብ በሦስት ሰዓት

ለወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ይህን ያህል መቆየቴ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰበብ አልደረድርም። አራት ቤተሰብ ያለበት የካውቦይ ፊልም ጽሑፍህ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ሰው ይታገሠው እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር።

ሰዓቱን ለጊዜው ተወው። ተዋናይና ዳይሬክተሩ ኬቨን ኮስትነር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» 181 ደቂቃ ነው፤ በ2024 ያወጣው የ«ሆራይዘን» ምዕራፍ አንድም 181 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ሰባት ኦስካር ወሰደ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 11 ሚሊዮን ገደማ ነው ያገኘው። ለነሐሴ ቀን የተቆረጠለት ምዕራፍ ሁለትም ከሲኒማ ቤቶች መርሐ ግብር ተነሣ።

በፊተኛው ፊልም አንድ ወታደር አለ፤ አብዛኛውን ታሪክ የምንከተለው እሱን ይዘን ነው። በ«ሆራይዘን» ግን አሪዞና ውስጥ አፓቼ የተባሉት የአገሬው ተወላጆች የሚያጠቁት ሰፈር አለ፣ በሰሜን በኩል ከገዳዮች የሚሸሽ ፈረሰኛ አለ፣ በሳንታ ፌ መንገድ የሚጓዙ ሠረገሎች አሉ። የጥቃቱ ሌሊት ረጅም ነው፤ ሆኖም ቦታው አንድ ስለሆነ ማንም አይሰለችም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካቹ ልቡን ባሏ ለሞተባት ሴት ሰጥቶ ሳለ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው ይመጣበታል። ኮስትነር ራሱ እስኪታይ አንድ ሰዓት ገደማ ያልፋል፤ ፊቱን ፖስተር ላይ አይቶ ትኬት የቆረጠው ሰውዬ ምን ይበል? ሠረገሎቹማ ከዚያም ዘግይተው ነው የሚመጡት። መጨረሻ ላይም መቋጫ በመስጠት ፈንታ የቀጣዩን ምዕራፍ ቁርጥራጭ ያሳያል።

«ካልሆነ አሳጥረዋለሁ» እንዳትለኝ። የሰርጂዮ ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» አሜሪካ ሲደርስ ከ165 ወደ 145 ደቂቃ ወረደ። ከተቆረጡት መካከል ወደ ስዊትዋተር በሚወስደው መንገድ ያለው የንግድ ቤት ትዕይንት አለበት፤ ሻየን የተባለው ሽፍታ ሃርሞኒካ ከሚሉት ዋና ገጸ ባሕርይ ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው። ያ ሲወጣ ሽፍታው ያላስተዋወቁህ እንግዳ ሆኖ ቀረ። ፊልሙ አጠረ፣ ግን ለመከታተል ከበደ። አሜሪካ ውስጥ ወደቀ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠለት። የማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት»ም ከ219 ደቂቃ ወደ 149 ወርዶ አልዳነም።

ብዙ ሰው ይዞ የተሳካለትን ከፈለግህ የ1989ኙን «ሎንሰም ዶቭ» እይ፤ ለቴሌቪዥን በአራት ክፍል የተሠራ ነው። ከብት ነጂዎቹ ከቴክሳስ ወደ ሞንታና የሚያደርጉት ጉዞ ድሩ ነው፤ ከአርካንሳስ የሚነሣው ሸሪፍም ሌሎቹም ማግ ሆነው በዚያ ላይ ይመላለሳሉ። ያንተ ጽሑፍ ማግ ሞልቶታል፣ ድሩ ግን አልታየኝም። ወንዙ ይሁን ባቡሩ፣ አራቱንም ቤተሰብ የሚያያይዝ አንድ ነገር ምረጥ።

ከዚያ እንዲህ አድርግ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የካርድ ቀለም ያዝ፤ አንድ ትዕይንት በአንድ ካርድ ላይ፣ ደቂቃው ጥጉ ላይ ይጻፍ። ወለሉ ላይ በተርታ ዘርጋቸው። እንደ እኔ ከሆነ አራቱም ቀለም በመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች ውስጥ መታየት አለባቸው። አንዱ ቀለም ከ20 ደቂቃ በላይ ከጠፋ፣ ሲመለስ በአዲስ ሰው አትጀምረው፤ ቀድሞ በታየ ፊት ወይም ዕቃ ጀምረው፣ ጽሑፍህ ውስጥ ያለችው ጎማዋ የተሰበረ ሠረገላ እንኳ ትበቃለች። አባቶቹን ደግሞ ለያይልኝ። ጢም፣ ባርኔጣና አቧራ ሲደረብባቸው ከሩቅ ሁሉም አንድ ሰው ነው የሚመስሉት፤ ቢያንስ የፈረሳቸው ቀለም ይለይ።

ረቂቁን ለማያውቁት ሦስት ሰዎች አንብብላቸውና 60ኛው ደቂቃ ላይ አቁም። የገጸ ባሕርያቱን ስም አትጠይቃቸው፤ ማን ምን እንደሚፈልግ ጠይቃቸው። ሰዓታቸውን ማየት ከጀመሩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚያ ትዕይንት አይደለም፤ ከሱ በፊት ያለውን መርምር።

ካርዶቹን ከዘረጋህ በኋላ ከላይ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ቀለሙን ብቻ አይቼ የትኛው ቤተሰብ እንደተረሳ እነግርሃለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያው ወዳጅህ