ከደላላው ቀድመን እንድረስ፤ የድጋፍ ጥሪ

መናኸሪያ ውስጥ አንዲት ልጅ ልብሷን የቋጠረችበትን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ወዴት ነው የምትሄጂው?» ስትባል አብራት ያለችው ሴት ቀድማ ትመልሳለች። የሴትየዋን ስም ስትጠየቅ ግን ልጅቷ ታቀረቅራለች። አክስትሽ ናት ተባለች እንጂ ስሟን የነገራት የለም።

የሕጻናት ንግድ ሁልጊዜ በጠለፋ አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተስፋ ቃል ነው። «ትማራለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ ለእናንተም ትተርፋለች» የሚለው ሰው ጎረቤት ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ልጁን አደራ ሲሰጥ የተሻለ ኑሮ ታገኛለች ብሎ አምኖ ነው። ስለዚህ ወላጆችን ልንወቅስ አልተነሣንም። ደላላው ደጃቸው ሳይደርስ ልንደርስላቸው ነው የተነሣነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሰው ንግድ መከላከያ ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለብዝበዛ መመልመልም ሆነ ማጓጓዝ፣ ማታለልና ማስገደድ ባይኖርበት እንኳ፣ የሰው ንግድ ነው ይላል። ልጁ «እሺ» ማለቱ ደላላውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ይህን የሚያውቁ ወላጆች ጥቂት ናቸው፤ እኛም በሥዕል የተደገፈ አንድ ገጽ ወረቀት አሳትመን፣ ማንበብ ለማይችሉትም በሬዲዮ አስነግረን ልናዳርሰው አስበናል። ሐምሌ 23 ለሚውለው የዓለም ፀረ የሰዎች ንግድ ቀን ብናደርሰው ደስታችን ነው።

ሹፌሮችን፣ ረዳቶችንና ትኬት ቆራጮችንም እናሠለጥናለን። የተጠና መልስ የሚሰጥ፣ መድረሻውን የማያውቅ፣ መታወቂያው በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ ሲያዩ ከአጓጓዡ ጋር ግብ ግብ ሳይገጥሙ፣ ልጁንም ፎቶግራፍ ሳያነሡ ለፖሊስ እንዲያመለክቱ።

ከሁሉ የከበደን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። የተገኘው ልጅ ቤተሰቡ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ የት ይደር? ጥቆማ የሰጠ ሹፌር ልጁ በፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያድር ካየ፣ ሁለተኛ ለመጠቆም ያመነታል። ስለዚህ ከምናሰባስበው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለማረፊያ ቤት መድበናል፤ ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለሕክምና፣ ሌሊቱን አብራ ለምታድር ሞግዚት።

አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚመጣ ጥቂት ገንዘብ ይጠቅመናል፤ አንድ ልጅ ስንት ቀን እንደሚቆይ አስቀድሞ አይታወቅምና። ገንዘብ የሌላችሁ በድምፃችሁ፣ በሥዕላችሁ፣ በሕግ ወይም በሥነ ልቦና ሙያችሁ አግዙን። ለምትሰጡት ሁሉ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ የወጪ ዝርዝርም በየሦስት ወሩ ይደርሳችኋል። የልጆቹን ፎቶግራፍ ግን አትጠብቁ፤ ፊታቸውን ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አናውለውም።