ለአውጤኪስ

ወንድሜ አባ፣

አራት ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ ዛሬ የምጽፍልህ ስለቸገረኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብደረድር አታምነኝም። እማማ ሲያርፉ አልመጣሁም፣ አልደወልኩምም። በየዓመቱ ቅዳሴ አሳርግላቸዋለሁ፤ ይህ ግን ለእሳቸው ነው እንጂ አንተን መካሻ አይሆነኝም። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

በዘርዓ ክህነት፣ በካህናት ማሠልጠኛው ሳለን በማለዳው አስተንትኖ ላይ ስታንኮራፋ አውጤኪስ ብዬ ስም ያወጣሁልህ እኔ ነበርኩ። ጳውሎስ ሲሰብክ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ የወደቀው ጎበዝ። ስሙን መልስልኝ፤ ለእኔ ይገባል።

ኑዛዜ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማን፣ መቼ፣ አትበለኝ። "እሱ" እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሴትም ልትሆን ትችላለች። ምን እንዳለኝማ የማልነግርህ የኑዛዜ ምሥጢር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አልሰማሁትማ! (ሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።) አጀማመሩ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ጨርሶ እየጠበቀኝ ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? ለሁሉም የምሰጣትን ያችኑ አጭር ጸሎት ለንስሐው ሰጠሁና የሥርየቱን ቃል ደገምኩለት።

"ይህ ብቻ ነው አባ?" አለኝ።

ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ምነው ያኔ በነሳችኝ! በምሕረቱ ተገርሞ ነው? ወይስ ማንኮራፋቴን ሰምቶ? ስንት ዓመት የተሸከመውን አምጥቶ እንደ ተራ ነገር የቆጠርኩበት መስሎት ይሆን? ሄጄ "ተኝቼ ነበር" እንዳልለው፣ ከኑዛዜ ውጭ ያለ ፈቃዱ ነገሩን ማንሳት ክልክል ነው። የሰጠሁት ሥርየትስ ይጸናል? በቀኖና ሕግ ከእኔ ትሻል ነበር።

ሰበብ አይሁንብኝና፣ ሌሊቱን ከአንድ ሕመምተኛ ራስጌ ነበር ያነጋሁት። ታዲያ የእኛ የቆሞሶች ጠባቂ ቅዱስ ዮሐንስ ቪያኔ በቀን እስከ 16 ሰዓት ኑዛዜ ይሰማ አልነበር? የሊዚየዋ ቅድስት ተሬዛም፣ መነኩሲቷ፣ በጸሎት ላይ እንቅልፍ ያሸንፋት ነበር፤ ወላጅ የተኛ ልጁንም ይወዳል ብላ አትጨነቅም። ይህን ለምእመናን ስንት ጊዜ ሰበክሁት! ግን እሷ የተኛችው ራሷ ከእግዚአብሔር ጋር ስትነጋገር ነው። እኔ ሌላው ሲነጋገር።

ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጻፈው። ድካም ብቻ አልነበረም። ከጊዜ ወዲህ የሰው ኃጢአት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኛል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ስሰማ የቀረውን አውቄዋለሁ እላለሁ፤ ጆሮዬ እዚያው ይዘጋል። ዓይኔ ከመዘጋቱ በፊት ማለቴ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር። እሱ ያከብረኛል፤ አንተ ግን ታውቀኛለህ።

ስለዚህ ለአንተ ልናዘዝ። ይህች ወረቀት እንደማትቆጠርልኝ አውቃለሁ፤ የሮማው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 8ኛ በ1602 እ.ኤ.አ. በደብዳቤ ተናዝዞ ከሩቅ ሥርየት መቀበልን ከልክለዋል፤ ለፈተና ስታስጠናኝ አንተው ነህ የነገርከኝ። ከዚህ የሚመጣው ሰኞ እደርሳለሁ። እምቢ ካልክም በር ላይ እቀመጣለሁ።

ስናዘዝ ብትተኛብኝ አልቀየምም።

ዋሸሁ፤ እቀየማለሁ።

ያንተው