ታሪክ ለምትማረው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ የዘመናዊ አሜሪካን ታሪክ መማር መጀመርሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ።

ስለ ሞንትጎመሪው የአውቶቡስ አድማ፣ የአላባማ ጥቁሮች ከነጮች ለይቶ የሚያስቀምጣቸውን አውቶቡስ አንሳፈርም ስላሉበት ትግል፣ ስታነቢ ሮዛ ፓርክስና ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይ ብቻ አትቁሚ። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። ግን አድማው 381 ቀን ነው የቆየው። ያን ሁሉ ጊዜ ሠራተኛውን ማን አመላለሰው? ቤንዚኑስ በማን ገንዘብ ተገዛ?

ሮዛ ፓርክስ ወንበሯን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ የታሰረችው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው። ያን ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች። ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠራ ወረቀት ነው። በማግስቱ ከተማው ውስጥ ተበተነ። እሷና የሴቶች ማኅበሯ ስለ አውቶቡሶቹ ለከንቲባው አቤቱታ የጻፉት ደግሞ ገና በ1954 ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት ደክሟት ከወንበሯ አልነሳም ስላለች ብቻ ሁሉም ነገር በድንገት ተጀመረ የሚልሽን አትመኚው።

እኔ ከሁሉም የምወዳት ጆርጂያ ጊልሞርን ነው። ምግብ አብሳይ ነበረች። ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ሸጡ፤ ገንዘቡን ለአድማው ሰጡ። ቡድናቸውን «ክለብ ፍሮም ኖዌር» አሉት፤ ብሩ ከየት መጣ ቢባሉ «ከየትም» እንዲሉ። የረዳ ሰው ከታወቀ እንጀራውን ያጣ ነበራ! እሷም ኪንግ አድማውን መርተሃል ተብሎ በተከሰሰበት ችሎት ከመሰከረች በኋላ ከሥራ ተባረረች። ቤቷ ሆና ማብሰሏን ቀጠለች። ስለሷ ሳነብ የእድራችን ሴቶች ይታዩኛል፤ ሌሊቱን ወጥ ሲሠሩ የሚያድሩት።

በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን መለያየቱ እንዲቀር ፍርድ ቤት ያሸነፈውም የአራት ሌሎች ሴቶች ክስ ነው። አንዷ ክሎዴት ኮልቪን ናት። ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ ስትታሰር ገና 15 ዓመቷ ነበር። ካንቺ ታንሳለች እኮ!

ይህ ታሪክ የሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስልሽ። በድሮው የአሜሪካ የስደተኞች ኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ኮታ በ1965 የተሻረው የእኩልነት ትግሉ አገሪቱን ባነቃነቀበት ወቅት ነው። እኛን ያመጣን ዲቪ ከዚያ በኋላ የወጣ ነው።

የፔፐር ርዕስ ምረጡ ካሏችሁ ጊልሞርን አስቢያት። ችሎት ላይ የሰጠችውን ቃል ፈልጊና አንብቢው። ስትጨርሺ ጽሑፍሽን ላኪልኝ፣ ከአባትሽ ጋር እናነበዋለን።

እናትሽ